ስድስት ጊዜ የወለቀው ክራውን

መጀመሪያ የተሰማኝ ቅዝቃዜ ነው። ጅግጅጋ ከብት ገበያ፣ ጠዋት፣ ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ስጠጣ አንዱ የፊት ጥርሴ ውስጥ መርፌ የገባ መሰለኝ። ከላይ፣ ከሁለቱ ትልልቅ ጥርሶች በስተግራ፣ ክራንቻው ጋ ሳይደረስ ያለው ትንሹ ጥርስ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ዕድሜዋን ልይ ብዬ አፏን ስከፍት አንዲት ግመል ጭንቅላቷን ወርውራ ከንፈሬን አድምታኝ ነበር። ከንፈሬ በሳምንቱ ዳነ። ስለ ጥርሱ አላሰብኩም። ከቅዝቃዜው ቀጥሎ ሙቀት መጣ፤ ሻይ መጠጣት አቃተኝ። ከዚያ ጥርሱ ጠቆረ። ከጠቆረ በኋላ ሕመሙ ጠፋ፣ እኔም ዳንኩ አልኩ። አልዳንኩም። ጥርሱ ሞቶ ነው።

ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። የምጽፈው ክራውን ተገጥሞለት፣ ክራውኑ እየወለቀ ለሚያስቸግረው ሰው ነው። ክራውን ማለት በተሞረደ ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። የኔ ስድስት ጊዜ ወልቋል። «ለአንድ ጥርስ ይሄን ያህል ወሬ?» የሚል ካለ ጥርሱ ሙሉ ነውና መንገዱን ይቀጥል።

ሥራዬ ድለላ ነው። አባቴ በውትድርና መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እኔ ጅግጅጋ ተወለድኩ፤ ሶማሊኛን ከሰፈር፣ አማርኛን ከቤት ለመድኩ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ለምን እንዳልገባሁ ማውራት አልፈልግም። ያላስገቡኝ ሰዎች ሞተዋል፤ የሞተ ሰው ላይ አልፈርድም፣ ይቅር ብያለሁም አልልም። ድንበር ዳር ካለችው ከሀርሺን ከተማ ግመልና ፍየል ነድተው የሚመጡት አማርኛ አይችሉም። ከአዳማና ከአዲስ አበባ የሚመጡት ገዢዎች ሶማሊኛ አይችሉም። መሃል ላይ የቆመው የኔ አፍ ነው። ዋጋው በእጅ ነው የሚነገረው፤ ሌላ ሰው እንዳያይ ጨርቅ ጣል አድርገን ከሥሩ ጣት እንጨባበጣለን። የቀረውን ሁሉ የሚሠራው አፍ ነው።

እንስሳውንም የማውቀው በአፉ ነው። ከንፈሩን ገልጬ ስንት ጥርስ እንደቀየረ አያለሁ። ዕድሜው ይኸው ነው እላለሁ፤ ማንም አይከራከረኝም። ጥርሷ የረገፈ ላም ካየሁ «ይቺ ለሥጋ ናት» እላለሁ፣ ገዢውም በሥጋ ዋጋ ይወስዳታል። ስንት ጊዜ እንዳልኩት ፈጣሪ ይወቀው።

ጥርሱ ከጠቆረ በኋላ ባለቤቴ እየጎተጎተችኝ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ በትንሽ ብረት ጥርሴን ቆረቆረና፣ ኤክስሬይ አንስቶ፣ «ነርቩ ሞቷል። ሩት ካናል እንሠራለን፣ ከዚያ በክራውን እንሸፍነዋለን» አለኝ። ሩት ካናል የሚሉት የሞተውን ነርቭ ከሥሩ ውስጥ ጠርጎ ማውጣትና ቀዳዳውን መድፈን ነው። ይፈራል እንጂ አያምም፤ ማደንዘዣ ይወጋሉ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻው ቀን ክራውኑን ገጠመልኝ። ከንፈሬ ገና ደንዝዞ ሳለ «ሲነክሱ ከፍ ይላል?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩ። ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ተጽፏል፤ ያንብቡት» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት።

ይህን ቃል ያዙልኝ። በኛ ሥራ ደላላ አላውቅም አይልም። ግመሏ ከብዳ እንደሆነ ትጠየቃለህ፤ ታውቃለህ። ወደ ቆላው ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ትጠየቃለህ፤ ታውቃለህ። አላውቅም ያለውን ደላላ በማግሥቱ የሚጠራው የለም። ማንበብ አልችልም ማለት ደግሞ ከአላውቅም ይብሳል። ወረቀቱን ለአራት አጠፍኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከመታወቂያዬ ኋላ ከተትኩት።

ሁለት ወር ገደማ ደህና ቆየ። መጀመሪያ የወለቀው ሀርሺን ነው። አንድ ትልቅ የግመል ሽያጭ ጨርሰን ባለ ግመሉ ሻይና ሀልዋ አስመጣ። ሀልዋ የማያውቅ ካለ፣ ስኳርና ቅቤ ተመትቶ እንደ ሙጫ እስኪሳብ የሚበስል ጣፋጭ ነው። ጎረስኩ። ጎትቼ ነከስኩ። ምላሴ ባዶ ቦታ ላይ አረፈ። ከአፌ ሳወጣው ክራውኑ ሀልዋው መሃል ተሰክቶ ተቀምጧል። አጠገቤ የነበረው ሂርሲ ነው፤ አብረን ስንደልል ዓመታት አልፈውናል፤ ከሱ የሚቀርበኝም ከሱ የበለጠ የሚሰድበኝም ሰው የለም።

«ምን አስደነገጠህ?» አለኝ። «ፍየልም የላይኛው የፊት ጥርስ የላትም። ስንት ዓመት ሸጥካት፣ ማን ጠየቀህ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ አፌን በእጄ ሸፍኜ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስስቅ አፌን መሸፈን ለመድኩ። መልመድ ያልነበረብኝ ነገር ነው።

ጅግጅጋ ስመለስ ወደዚያ ክሊኒክ ሄድኩ። በሩ ላይ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ሐኪሙ ከተማ ለቆ ሄዷል፤ የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ሌላ ሐኪም መፈለግ ነበረብኝ። አልፈለግኩም። ከሱቅ ሱፐር ግሉ ገዝቼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ራሴ ለጠፍኩት። ይህን ያነበብክ ሰው ስማኝ፤ አታድርገው። ድዴን አቃጠለኝ። ክራውኑ ተንጋዶ ደረቀ። ሳልነክስ ሁሉ ከታችኛው ጥርስ ጋር ይጋጫል። ዘጠነኛው ቀን ላይ ለአንድ የአዳማ ገዢ ስለ በሬ ሳስረዳ ተፈናጥሮ ደረቱ ላይ አረፈ። ሰውየው አንስቶ እንደ ሳንቲም በመዳፉ አቀበለኝ። ወሬዬን አላቋረጥኩም። በሬውንም ሸጥኩለት።

ሦስተኛው ሌላ የግል ክሊኒክ ሄጄ ያስለጠፍኩት ነው። እዚያ ያለው ባለሙያ ሙጫውን ፍቆ፣ አጽድቶ፣ በእውነተኛ የጥርስ ሲሚንቶ ለጠፈልኝ። መጀመሪያ በምን እንደተለጠፈ ጠየቀኝ። «በደህና ነገር ነው» አልኩት። አምስት ወር ቆየ። ያ የወለቀው በኔ ጥፋት ነው፤ የመጫኛ ቋጠሮ በጥርሴ ስፈታ። ገበያ ውስጥ ሁላችንም እንደዚያ እንፈታለን፣ አንዱ እጃችን ሁልጊዜ እንስሳ ይዟልና።

አራተኛው ደገሀቡር ላይ ከመንገድ ዳር አንድ የጥርስ ሥራ ቤት መልሶ የለጠፈልኝ ነው። ወር አልሞላም። ጅግጅጋ ገበያ መሃል፣ ለሰው ስጣራ፣ ወደቀ። ከእግሬ ሥር አቧራና የፍየል በጠጥ ብቻ ነው። ተንበርክኬ ስፈልግ አንድ የሀርሺን ሽማግሌ አብረውኝ ተንበረከኩ። በበትራቸው ጫፍ አቧራውን ሲገላልጡ ቆዩና አነሱት። ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩት።

«ዋርያ፣» አሉ፣ «ይሄ የየትኛዋ ፍየል ነው?»

ከልባቸው ጠይቀው ነው እንጂ ቀልደው አይደለም። ገበያው ግን በሳቅ ፈረሰ። ሶማሌ ስም ሲያወጣ ምሕረት የለውም፤ ያነከሰውን አንካሳ፣ ያበጠ ሆድ ያለውን ሆዱ ብሎ ይጠራል፣ የተጠራውም አቤት ይላል። በዚያን ቀን «ኢልካላዌ» ተባልኩ። ጥርስ የለሽ ማለት ነው።

በስሙ አልተናደድኩም። ያናደደኝ ከሳምንት በኋላ የሰማሁት ነው። ከአዳማ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ እኔ ጀርባዬን ስሰጠው፣ ሂርሲን በአማርኛ እንዲህ አለው፤ «የራሱን ጥርስ ያልያዘ ሰው ነው የከብቴን ጥርስ የሚያይልኝ?» ሂርሲ አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ግን መለሰለት። «ሐኪም አይታመምም እንዴ?» አለው። ነጋዴው ሌላ ደላላ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ሄዱ። ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም። ሲገበያዩ ግን አፌን እንጂ ዓይኔን አያዩም ነበር። ላሟን አስታወስኩ። «ይቺ ለሥጋ ናት።»

በዚሁ ሰሞን ደላላው ሁሉ ተመዝግቦ፣ ፈርሞ፣ የደላላ መታወቂያ እንዲይዝ ተባለ። ስሜን መጻፍ ስለማልችል ጣቴን ቀለም አስነክረው አስተሙኝ። ግመል ላይ የሚተኮስ ምልክት ትዝ አለኝ። ጣቴን እየጠረግኩ ወጣሁና ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ትምህርት የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ሄጄ ተመዘገብኩ። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ጎኔ የሚቀመጡት ጠዋት ወተት ሲሸጡ ውለው የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። መልሼ አስለጥፌው የነበረው ክራውን ለአምስተኛ ጊዜ የወለቀው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ተነስቼ ጮክ ብዬ ሳነብ ዴስኩ ላይ ወደቀ። መምህሩ ወጣት ነው። አየኝና «ይቀጥሉ፣ ጋሼ» አለኝ። ክራውኑን ኪሴ ከትቼ ገጹን ጨረስኩ።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ጋ መሄድ ተውኩ። ጠዋት ወደ ገበያ ስወጣ በአውራ ጣቴ ገፍቼ አስገባዋለሁ፤ ስበላ አወጣዋለሁ፤ በሸሚዜ ኪስ ይዤው እዞራለሁ። ከሁሉ የከፋው ጥፋቴ ይህ ነው። የተለጠፈ ክራውን ሥር አየር አይገባም። ልቅ በሆነው ሥር ምራቅ ይገባል፣ ምግብ ይገባል፣ የቀረው ጥርስ ይበሰብሳል። ነርቭ ስለሌለው አያምምም። ሳያምምህ ያልቃል።

ስድስተኛው ሀርሺን ነው።

ዓርብ ጠዋት ድዴ ከበደኝ። ክራውኑን አወጣሁት። መልሼ ላስገባው ስል አልገባም። መግል ወጣ። ከንፈሬ አበጠ። ጉንጬ ተነፋ። እኩለ ቀን ላይ ግራ ዓይኔ ጠበበ። ብርድ ብርድ አለኝ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ። ሂርሲ ግንባሬን ነካ። እጁን አነሳ። ምንም አልቀለደም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ፍየል የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አስገባኝ። ጭንቅላቴን በትከሻው ደገፈ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ፊቴ ይመታል። ጅግጅጋ ስንገባ በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

የተቀበለኝ ሐኪም ጉንጬን በጣቱ ጫን አደረገ። «ኢንፌክሽን ነው። ወደ ዓይንዎ እየወጣ ነው። አሁን መግሉን እናወጣለን፣ አንቲባዮቲክ ይጀምራሉ። ሲረጋጋ ጥርሱ ይነቀላል።»

«መግሉን አውጡ» አልኩ። «ጥርሱን አትነቅሉትም።»

አፌ ስላበጠ አልገባውም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

«ለአንድ ጥርስ ብለው ሊሞቱ ነው?»

«አልሞትም። አይነቀልምም።»

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። መግሉ እንዲወጣ ወዲያው እሺ ብያለሁ። ድዴን ቀደው አፈሰሱት። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ውጬያለሁ፣ ከተሻለኝ በኋላም ጭምር። «ዛሬ ካልተነቀለ ዓይንህ ይጠፋል» ቢሉኝ አስነቅለው ነበር፤ ደንቆሮ አይደለሁም። እምቢ ያልኩት ሌላ ነገር ነው። ጥርሱ መትረፍ አለመትረፉን ማንም ሳያይ፣ ሰውየው ደላላ ነው፣ አርጅቷል፣ ምን ያደርግለታል ተብሎ እንዲነቀል አልፈለግኩም። እንዲያ ብዬ የፈረድኩባቸው ከብቶች ብዙ ናቸው። አፋቸውን አይቼ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

እብጠቱ በአምስተኛው ቀን ጎደለ። በቀጠሮዬ ቀን ሌላ የጥርስ ሐኪም ጠበቀችኝ። ከመሃል አገር ተመድባ የመጣች፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ካርዴን አነበበችና ቀና አለች።

«እምቢ፣ አይነቀልም ብለዋል። ለምን?»

«እኛ ጋ ጥርሱ የረገፈ ለሥጋ ነው የሚሸጠው» አልኳት።

አልሳቀችም። «እንግዲያውስ ሥሩን ልየው» አለች። ኤክስሬይ አነሳች። ፊልሙን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደኔ አዙራ አስረዳችኝ፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ማንም እንዲህ ተቀምጦ አስረድቶኝ አያውቅም።

«ሥሩ አልተሰነጠቀም። ቢሰነጠቅ ኖሮ እኔም እነቅለው ነበር። ክራውን ቀለበት ነው በሉት፤ ቀለበት ደግሞ ጣት ይፈልጋል። የእርስዎ ጣት በስብሶ አልቆ ጥፍሩ ነው የቀረው። እንዲህ ሆኖ ማንም ቢለጥፈው ይወልቃል። ጣቱን ማስረዘም እንችል እንደሆነ እሞክራለሁ። ቃል አልገባም።»

«ቃል የሚገባማ ሞልቷል» አልኳት።

«መጀመሪያ ሲገጠም በምን ነበር የተለጠፈው?»

አፌ ላይ የመጣው የተለመደው ነው። ደህና ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ድዴ ገና ቁስል ነበረና ለመናገር ትንሽ ዘገየሁ። በዚያች መሃል እሷ ቀጠለች፤ «ያኔ የሰጡዎት ወረቀት የለም?»

ቦርሳዬን አወጣሁ። ከመታወቂያዬ ኋላ፣ ለአራት እንደታጠፈ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ አለ። ልሰጣት እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሳብኩት። ራሴ አነበብኩት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቃል በቃል። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ አላጣደፈችኝም።

ክራውኑ ለሙከራ በጊዜያዊ ሲሚንቶ መለጠፉን ይላል። በቋሚው እንዲለጠፍ ከዚህን ያህል ቀን በኋላ ተመለሱ ይላል፤ ቀኑ በእስክሪፕቶ 14 ተብሎ ተሞልቷል። የሚያጣብቅ ነገር አይብሉ ይላል። ሲነክሱ ከፍ ካለብዎ ይንገሩን ይላል።

ቁጥር ድሮም አነባለሁ፤ ቁጥር የማያነብ ደላላ የለም። ያቺን 14 በተሰጠኝ ቀን አይቻታለሁ። የካርድ ቁጥር መስላኝ ነበር።

ሦስት ዓመት ተቀምጬበት ነበር። ቃል በቃል፤ ቦርሳዬ የኋላ ኪሴ ነው የሚቀመጠው።

«ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አለች።

«የኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አልኳት። «የኔም ነው ግን።»

ወረቀቱን ስለሰጠኝ ስለዚያ ሐኪም የማስበውን አሁን ልናገር። ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ ቀላል ነው፣ ሥራው ንጹሕ ነው። ግን ሰው አፍ ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ ገብቶ ሲሠራ፣ ይህ ሰው ማንበብ ይችል እንደሆነ መጠየቅ አልታየውም። ወረቀት ማቀበል መናገር መሰለው። በዚህ አገር በየቢሮው፣ በየመስኮቱ ወረቀት የሚያቀብሉ ሁሉ እንዲህ ይመስላቸዋል። ከነሱ ጋር ገና አልታረቅኩም። ከራሴ ጋር መታረቅ ግን ያን ቀን ጀመርኩ፤ ምክንያቱም ቢጠይቀኝም ኖሮ «አውቃለሁ» ነበር የምለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ግን እንደ መጀመሪያው አይከብድም። ዶክተሯ መጀመሪያ የበሰበሰውን ሁሉ ፍቃ አወጣች፣ የድሮውን ሩት ካናል ከፍታ እንደገና አጠበችና ደፈነች፣ ከዚያም በማደንዘዣ ከድዴና ከሥሩ ካለው አጥንት ትንሽ ቀንሳ የተደበቀው ጤነኛ ጥርስ ብቅ እንዲል አደረገች፤ ይህንን ነው ጣቱን ማስረዘም ያለችው። ድዱ እስኪድን ስድስት ሳምንት ጠበቅን፤ ያን ጊዜ ሁሉ ለስላሳ ነገር እየበላሁ፣ ጨው ባለበት ለብ ያለ ውሃ እየተጉመጠመጥኩ፣ ጥርስ የለሽ አፌን ሳልሸፍን ገበያ ውስጥ ስዞር ሰነበትኩ። ቀዳዳውን ያየ አየ። አንድ ቀን አንድ የማላውቀው ነጋዴ አፌን ትኩር ብሎ ሲያየኝ ከንፈሬን በጣቴ ገልጬ «በደንብ እየው፣ ዕድሜዬ አርባ አራት ነው፣ ለሥጋ አልሸጥም» አልኩት። ሂርሲ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሰውየው ያን ቀን አሥራ ሁለት ፍየል በኔ በኩል ገዛ።

ድዱ ሲድን በሥሩ ውስጥ ፖስት የሚሉትን ቀጭን ዘንግ ተከለች፣ በላዩ ላይ እንደ ጥርስ ጉቶ የሚሆን ነገር ገነባች፣ ልኩን ወስዳ ወደ አዲስ አበባ ላከች። አዲሱ ክራውን ሲመጣ ቀለሙ ከሌሎቹ ጥርሶቼ ጋር እኩል ቢጫ ነው፤ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር፣ አንድ ነጭ ጥርስ ለብቻው እንዲያበራ አልፈልግም ብዬ። ከገጠመችው በኋላ ሰማያዊ ወረቀት በጥርሶቼ መሃል አድርጋ አስነከሰችኝ።

«ከፍ ይላል?»

«ደህ…» ብዬ አቆምኩ። እንደገና ነከስኩ። ምላሴን አዞርኩ። «ከፍ ይላል» አልኩ።

ሞረደችው። «አሁንስ?»

«አሁንም ከፍ ይላል።»

አራት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሦስቱን ጊዜ ከፍ ይላል አልኳት። በአራተኛው ጥርሱ እንዳለ እስክረሳው ድረስ ልክ ሆነ። የደላላነት ዕድሜዬን በሙሉ ዋጋ ለመቀነስ ካልሆነ በቀር እንከን አለው ብዬ እንደዚያ ደጋግሜ ተናግሬ አላውቅም። በዚያው ቀን በቋሚ ሲሚንቶ ለጠፈችው። ስትጨርስ ወረቀት ሰጠችኝ። እዚያው ተቀምጬ አነበብኩላት፤ ያልገባኝን ሁለት ቦታ ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ።

ሦስት ዓመት አልፎታል። አልወለቀም።

ዶክተሯን አመሰግናለሁ፤ ስሜን አይጻፉት ስላለችኝ አልጻፍኩም። አሁን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች፣ የት እንደሆነ ግን ከመሄዷ በፊት ጠይቄያለሁ። ሂርሲን አመሰግናለሁ፣ ቢሰማ ያፍርብኛል። «ይቀጥሉ» ያለኝን መምህር አመሰግናለሁ።

ክራውንህ የወለቀብህ ሰው፣ ክራውኑን አትጣለው፣ አጥበህ በንጹሕ ዕቃ ያዘው፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ። ሙጫ አትንካ። በጣትህ እያስገባህ አትዙር። አንዴ ከወለቀ ይለጠፍ፤ ሁለቴ ከወለቀ ግን «ለጥፉልኝ» አትበል፣ «ለምን ወለቀ?» በል፣ ኤክስሬይም ይነሳ። መጀመሪያ በምን እንደተለጠፈ ጠይቀህ ያዝ። ካበጠና ትኩሳት ካለህ አንድ ቀን አትደር፤ እኔ ዕድለኛ ነኝ። ንቀሉት ካሉህ፣ ሥሩ መሰንጠቁን አሳዩኝ በል። ከተሰነጠቀ አስነቅለው፤ ከግራ ቀኝ ጥርሶች ጋር ተያይዞ በሚገጠም ብሪጅም በሌላም ይተካል፣ የተነቀለ ጥርስ ውርደት አይደለም። ሳይታይ መፈረድ ነው ውርደቱ። ቋጠሮ በእጅህ ፍታ። ሀልዋን እኔ ትቻለሁ፣ አንተ እንደፈለግክ።

ስሙ ግን አልተመለሰም። ሶማሌ አንዴ ካወጣልህ አወጣልህ ነው፤ ጥርሴ ሙሉ ሆኖም ኢልካላዌ ነኝ፣ አቤት እላለሁ። አሁን አሁን ከሀርሺን የሚመጡት ከብታቸውን ካሰሩ በኋላ ቦርሳቸውን ይከፍታሉ። የሐኪም ወረቀት፣ የከብት መድኃኒት ወረቀት፣ ከወረዳ የተሰጠ ደብዳቤ፤ አማርኛ የሆነውን ሁሉ ይዘው፣ «ኢልካላዌ ጋ ሂድ፣ ያነብልሃል» ተባብለው ይመጣሉ። ያን ክራውኔን ከአቧራ ያነሱት ሽማግሌም ባለፈው የስኳር በሽታ መድኃኒታቸውን ወረቀት አመጡልኝ። ከምግብ በፊት፣ ጠዋትና ማታ፣ ሲያልቅ ተመልሰው ይምጡ ይላል። ወደ ሶማሊኛ መልሼ ነገርኳቸው። «ገባዎት፣ አዴር?» አልኳቸው፣ አጎቴ እንደማለት።

«አውቃለሁ» አሉኝ፣ ወረቀቱን ለአራት እያጠፉ።

ከእጃቸው ወሰድኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።